ከፈረምኩ በኋላ ከቤት ግዢ ውል የወጣሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ቤት ሊገዛ ፈርሞ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ እዚሁ ጎንደር እንደዚያ ሆነን ነበር። ያን ሰሞን የሰማሁት ምክር ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። አንዱ «ከፈረምሽማ አለቀ» ይለኛል፤ ሌላው «ውልና ማስረጃ ሄዶ ያልተፈረመ ውል ወረቀት ነው፣ ቀድደሽ ጣይው» ይለኛል፤ ፈረንሳይ ያለው ወንድሜ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። የእያንዳንዳቸው ንግግር ጥቂት እውነት ነበረው፤ አንዱን ብቻ ይዤ ብሄድ ግን ገንዘቤን አጣ ነበር። እኔ መምህርት ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። የማወራችሁ የደረሰብኝንና ጠበቃ ፊት ቁጭ ብዬ ቁጥር በቁጥር የተማርኩትን ነው።

ማራኪ አካባቢ ዐሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ኖረናል። ባለቤቴ በመተማ መስመር ሹፌር ነው። ዕቁባችን ወጣ፣ ወንድሜ ጨመረልን፣ የቀረውን ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ልንበደር ተስማማን። ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደላላ አዘዞ ወሰደን። ሦስት ክፍል ቤት ነው፤ ከጀርባው ማድ ቤት አለው፤ ግቢው 200 ካሬ ሜትር፣ ካርታው በሻጩ ስም። ግድግዳው ገና ቀለም የተቀባ ስለነበር ሽታው እንኳ አልለቀቀም። እኔ ያን ጊዜ ቀለሙን ሳይ ደስ ነው ያለኝ።

ዋጋው 1,350,000 ብር ሆነ። ደላላው «ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ይመጣል» አለና በነጋታው ሐሙስ አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ካለች አንዲት ክፍል ገብተን ውል አስጻፍን። ጸሐፊው ውሉን በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ አስቀምጦታል፤ ስም፣ የካርታ ቁጥርና ብር ብቻ ነው የለወጠው። ቀብድ 150,000 ብር። ቀሪው በሁለት ወር ውስጥ ስም ሲዛወር። ውሉን ያፈረሰ ወገን 100,000 ብር ገደብ ይከፍላል። መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ይላል። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፤ አንደኛውን ያመጣው ደላላው ነው። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ለመጋረጃ መስኮቱን ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። አጥሩን የሚዋሰኑ አንዲት እናት «ግቢ ልጄ፣ ቡና ደርሷል» ብለው ጠሩኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ «እንግዲህ ክረምት ሲመጣ ዕቃሽን ከፍ ከፍ አድርጊ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ደነገጡ። የማውቅ መስሏቸው ነበር። አካባቢው ዋልካ አፈር ነው፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ ሐምሌና ነሐሴ ከዚያ ቤት ይገባል። ባለፈው ክረምት ሻጩ ፍራሽ ሲያሰጣ አይተዋል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ሚስቱ መሸጡን ታውቃለች?» አሉ። ሚስት መኖሩን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ተጣልተው ደባርቅ ወላጆቿ ቤት ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል፤ አልተፋቱም።

ቤቱን ተመልሼ አየሁት። ከአልጋ ክፍሉ ጥግ ቀለሙን በቁልፍ ጫፍ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ቡናማ መስመር ወጣ፤ እስከ ጉልበቴ ድረስ። ባለቤቴን እዚያው ጠርቼ ፎቶ አስነሣሁት። ይህን ማድረጋችን በኋላ በጣም ጠቅሞናል።

የዚያን ዕለት ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። «አይዞሽ፣ ዐሥር ቀን አለሽ» አለኝ። እሱ በሚኖርበት አገር እውነት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የፈረመ ተራ ገዢ የተፈረመው ውል በወጉ ከደረሰው ማግስት ጀምሮ 10 ቀን ይሰጠዋል፤ ምክንያት ሳይናገር ይተወዋል፣ የከፈለው ይመለስለታል። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ 7 ቀን ነበር፤ ከዚያ ነው 10 የሆነው። ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3 የሥራ ቀን ይሰጣሉ፤ እዚያ ግን ውሉን የተወ ገዢ ከዋጋው ሩብ በመቶ ይከፍላል። ውጭ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ትሰሙ ይሆናል፤ ከቅን ልብ የመጣ ምክር ነው። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቤት ለገዛ ሰው እንዲህ ያለ የማሰላሰያ ቀን አልሰጠም። አንድም ቀን የለም። ይህን ሳላውቅ እሑድ ማታ ሻጩ ጋ ደውዬ «ጋሼ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ቤቱን ትቼዋለሁ፤ ገንዘቤን ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

እሳቸውም ሳይቆጡ «እንግዲያው ቀብዱን ትተሽ ነዋ፤ ወግ እኮ ነው፣ ሕግም ነው» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ረቡዕ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጎቷ ጋ ወሰደችኝ። ለብዙ ዓመት ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ጥብቅና የሚሠሩ ሰው ናቸው። (ጠበቃ የሚይዙበት ለሌላቸው ሰዎች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ባልደረባዬ ባትኖር ወደዚያ ነበር የምሄደው።) ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቁኝ ለሻጩ ያልኩትን ቃል በቃል እንድነግራቸው ነው። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ‹ሐሳቤን ቀየርኩ› የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግሚው» አሉኝ።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዱኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገንም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ መተው ይችላል ይላል። ስለዚህ ሻጩ የተናገሩት ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ያለ ገዢ የ1885ን በር ራሱ ከፍቶ እየወጣ ነው፤ የመውጫው ዋጋ ቀብዱ ነው። እሳቸው ቢያፈርሱ ኖሮ ደግሞ 300,000 ብር ይከፍሉኝ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምነግራችሁ ነገር አለ፤ እኔን ብዙ ሊያስከፍለኝ የነበረው እሱ ነውና። በየሰፈሩ የሚጻፈው ውል አንዳንዱ «ቀብድ» ይላል፣ አንዳንዱ «ቅድሚያ ክፍያ» ይላል። እኛ አንድ ነገር ይመስለናል። አይደለም። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው ላይ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ ውሉ ሲቀር መመለስ አለበት፣ ጥፋተኛው ካሳ ካለበት ካሳው ለብቻው ይታያል። ቀብድ ግን የመውጫ ዋጋ ነው። አንድ ቃል 150,000 ብር ታወጣለች። ውላችሁን አውጡና የትኛው ቃል እንደተጻፈ እዩ።

ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ፈቱልኝ። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው የሚል ነው። 2005 የተጻፈ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስላለው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ነው የሚል ነው፤ ስለዚህ ደላላው በቃል «ካልወደዳችሁት በሳምንት ውስጥ ይመለስላችኋል» ያለን ነገር ወረቀቱ ላይ ስለሌለ እንደ ጉም በንኗል። 1889 ገደቡ ነው፤ ጉዳት ደረሰም አልደረሰም ውሉን ያላከበረ ወገን የሚከፍለውን አስቀድሞ መወሰን። ቀብዱ 150,000፣ ገደቡ 100,000፤ ሁለቱንም ሊጠይቁኝ ይችሉ እንደሆን ስጠይቃቸው «ይጠይቁሽ ይሆናል፤ እንዲያገኙት ግን ቁጭ ብዬ አላይም» አሉኝ።

ጠበቃው ያን ዕለት ያሉኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ከፈረሙት ውል የሚያስወጣ ነፃ ቀን የለም፣ ምክንያት ግን አለ። ምክንያቱን ማወቅ፣ በማስረጃ መያዝና ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማንሣት ነው የሚያዋጣው።

እኔ ጋ የነበሩትን ምክንያቶች ተራ በተራ አየናቸው። የመጀመሪያው የውሉ አጻጻፍ ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ቁጥር 2877። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ዘንድ መመዝገብ አለበት፣ ቁጥር 1723። የእኛ አልተመዘገበም። ሕጉ የጠየቀው አጻጻፍ ካልተፈጸመ ወረቀቱ ረቂቅ ነው፣ 1720። እኔ ይህን ስሰማ ተነሥቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን «ቆይ» አሉኝ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሎ ወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተዋዋዮቹ ውሉን ማድረጋቸውን ካልካዱ ባለመመዝገቡ ብቻ አይፈርስም የሚል ውሳኔም መጣ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። እኔ ደግሞ መፈረሜን ልክድ አልችልም፤ አልፈልግምም፤ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። «ይህን እንደ ሁለተኛ በትር ያዥው እንጂ አትደገፊበት» አሉኝ። «ወረቀት ነው፣ ቀድደሽ ጣይው» ያለችኝ ጎረቤቴ ያላወቀችው ይህንን ነው። ብቀድደውም የእሳቸው ቅጂ አለ።

ሁለተኛው ሚስትየዋ ናት። እኔ ትልቁ ምክንያቴ እሷ መስላኝ ነበር። በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት ካርታው በአንዱ ስም ስለሆነ ብቻ የግሉ አይሆንም፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የቤተሰብ ሕጉም የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። ነገር ግን ያለ ፈቃዷ የተደረገውን ሽያጭ ይፍረስልኝ ብላ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የተሰጠው ለእሷ ነው፣ ለእኔ አይደለም። ዝም ካለች ጊዜ ያልፋል። መክሰስ የፈለገች ዕለት ግን እኔ 1,350,000 ብር ከፍዬ፣ ልጆቼን አስገብቼ፣ ተከሳሽ እሆናለሁ። ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ስለዚህ የእሷ አለመፈረም ለእኔ ውሉን የማፍረሻ ቀጥተኛ መብት ባይሆንም ሻጩን የምጠይቅበት ነገር ሰጠኝ፤ ውሉ ላይ «ቤቱ የግሌ ነው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው፣ መብት አለኝ የሚል ቢመጣ ተከራክሬ መልስ እሰጣለሁ» ብለው ፈርመዋልና።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ሕጉ ፈቃድ በስህተት፣ በማታለል ወይም በኃይል ከተገኘ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል ይላል። ማታለል ቁጥር 1704 ላይ ነው፤ ሌላው ወገን ያን ባያደርግ ኖሮ ውሉን አልገባም ነበር የሚያሰኝ የተንኮል ሥራ መሠራት አለበት። ጠበቃው ዝምታና ዕቃን ማወደስ ብቻውን እዚህ እንደማይደርስ አስረዱኝ። ሻጭ «ምርጥ ቤት ነው» ቢል ማታለል አይባልም። የጎርፍ መስመርን በቀለም ሸፍኖ ገዢ ሲጠይቅ «ውኃ አይገባም» ማለት ግን ሥራ ነው። «ጠይቀሻል?» አሉኝ። ባለቤቴ ጠይቆ ነበር፤ ቦዩን አይቶ «ክረምት አያስቸግርም?» ሲል «ኧረ ደረቅ ነው» አሉት። ደላላውም እኛ ያመጣነው ምስክርም ሰምተዋል። በዚህ መንገድ ውል ይፍረስልኝ የሚል ሰው ምክንያቱ ከቀረለት ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት፣ 1810። ሲፈርስም ሁለቱም ወገኖች ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ 1815፤ ቀብዱም አብሮ ይመለሳል።

ክስ ግን ገንዘብ ነው፣ ጊዜም ነው። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ይሰላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንድንጽፍ መከሩን። ሕጉም በቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። የጻፍነው ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። ውሉ መቼ እንደተፈረመና ስንት እንደተከፈለ፤ ከፊርማው በኋላ የተገኙት ሁለት ነገሮች፣ የጎርፉ ምልክትና የባለቤታቸው አለመፈረም፤ በ15 ቀን ውስጥ ባለቤታቸውን ይዘው ውልና ማስረጃ ቀርበው እንዲያስፈርሙ፣ ከማዘጋጃ ቤት የዕዳና እገዳ ማስረጃ እንዲያመጡ፤ ይህ ካልሆነ ፈቃዳችን በማታለል የተገኘ ስለሆነ ውሉ ፈርሶ 150,000 ብሩ እንዲመለስ እንደምንጠይቅ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚል ቃል የለበትም። ያን ስልክ በተመለከተም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት፤ በስልክ የተናገርኩት እነዚህን ነገሮች ካወቅሁ በኋላ መሆኑን የሚገልጽ። በሁለት ቅጂ አትመን ባለቤቴና አንድ ጎረቤት ወሰዱት፤ ሻጩ በአንደኛው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ፈረሙ።

በዚያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የይዞታውን ማኅደር ጠየቅሁ። መጀመሪያ ባለጉዳይ አይደለሽም ተባልኩ። ውሉን ሳሳይ ፈለጉልኝ፤ እገዳ አልነበረበትም። ይህን ሥራ ከመፈረሜ በፊት በአንድ ጠዋት ልጨርሰው እችል ነበር።

ቁልፉን ግን አልተቀበልንም ነበር። ሻጩ ፈርመን ስንወጣ «ዕቃችሁን ቀስ በቀስ አስገቡ» ብለው ሊሰጡን ሲሉ ባለቤቴ መንገድ ላይ ስለነበር አቆየሁት። ጠበቃው ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ገብተን፣ አድሰን፣ ተኝተንበት ቢሆን ጉድለቱን አይታችሁ ተቀብላችኋል የሚል ክርክር ይመጣብን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሻጩ ሽማግሌ ላኩ። ሁለት አዛውንትና አንድ ቄስ ቤታችን መጡ፤ እኛም ሁለት ሰው ጨመርን። በእውነት ለመናገር ይህን ጉዳይ የጨረሰልን የሽማግሌው ምንጣፍ ነው፤ የጠበቃው ወረቀት ግን እዚያ ምንጣፍ ላይ የምንናገረው ነገር እንዲኖረን አደረገ። ሻጩ መጀመሪያ «ቀብድ ቀብድ ነው» አሉ። ቄሱ የግድግዳውን ፎቶ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ውኃው እውነት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቋቸው። ሻጩ መልስ አልሰጡም። በኋላ እንደተረዳነው 60,000 ብሩን የእህል ዕዳ ከፍለውበታል፤ እጃቸው ላይ የነበረው 90,000 ብር ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጨነቃቸው ሰው ነበሩ። እኔ ግን የልጆቼን ቤት ነበር ይዤ የመጣሁት።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። 90,000 ብሩን በማግስቱ በባንክ ያስገባሉ። 60,000 ብሩን እስከ መጋቢት መጨረሻ። እኛ ገደብም ካሳም አንጠይቅም። እሳቸውም ቀብዱን አይዙም። ለደላላው የከፈልነው 13,500 ብር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጠርተውት ግማሹን መለሰ፣ ግማሹ ቀረ።

እጅ ተጨባብጠን፣ ተመራርቀን ልንለያይ ስንል ጠበቃው ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ውል በስምምነት ይቀራል፣ ቁጥር 1819፣ ነገር ግን መቅረቱም ይጻፍ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሽማግሌ አስታርቆኛል ብሎ የመጀመሪያውን ውል እንዳለ ይተወዋል፤ ከዓመት በኋላ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ይቀርብበታል። ስለዚህ የውል ማፍረሻ ስምምነት በሁለት ቅጂ ጻፍን። ውስጡ የመጀመሪያው ውል ቀን፣ ከዛሬ ጀምሮ መቅረቱ፣ የሚመለሰው ገንዘብና ቀኖቹ፣ ከዚህ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለው አለ። ገንዘቡ በባንክ እንዲገባ አጥብቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ቀብዱን በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ የውሉ ቃል ብቻ ነበር ማስረጃዬ። የፊተኛው ውል ሁለቱም ቅጂዎች ተሰብስበው በላያቸው በአራት ማዕዘን «ተሰርዟል» ተብሎ ተጻፈ፤ ሁላችንም ፈረምንበት።

የሻጩ ሚስትም መጣች። ከደባርቅ የጠሯት ሽማግሌዎቹ ናቸው። መፈረም ባያስፈልጋትም እንደ ምስክር ፈረመች። ፊርማዋን ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት እቴ» አለችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። ሁለተኛው ገንዘብ ከቀኑ በሁለት ሳምንት ዘገየ እንጂ ገባ።

እንደ እኔ ያለ ምክንያት የሌላችሁ ሰዎችም እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ቤቱ ደህና ሆኖ ብድሩ የተከለከለባችሁ፣ ሥራ የተዛወራችሁ፣ ወይም ቤተሰብ የታመመባችሁ። ለእናንተ ጠበቃው የነገሩኝን ላካፍል። ብድር መከልከል በራሱ ከውል አያስወጣም፤ ውሉ ላይ «ብድሩ ካልተፈቀደ» የሚል ካልተጻፈ በቀር የሻጩ ጉዳይ አይደለም። ያኔ ቶሎ መናገር ይሻላል። ሻጩ ሌላ ገዢ ካገኘ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ቀብዱን በሙሉም ባይሆን ከፊሉን ሊመልስ ይችላል። ዝም ብሎ የክፍያውን ቀን ማሳለፍ ግን ከቀብዱ በላይ ገደቡንም ሊጠራ ይችላል። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ሌላ ገዢ ራሷ ፈልጋ አምጥታ ቀብዷን ሙሉ በሙሉ አስመልሳለች፤ ሻጩ የፈለገው ቤቱ እንዲሸጥለት ነበርና።

በዓመቱ ሌላ ቤት ገዛን፤ ከሳሙና በር ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ክፍል፣ ከፊተኛው የሚያንስ። በዚህኛው ጊዜ ግቢውን ያየሁት ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጃንጥላ ይዤ ነው። ጎረቤቶችን ያነጋገርኩት ደላላው ሳይኖር ነው። ማኅደሩን ያየሁት ከመፈረሜ በፊት ነው። ውሉን ጠበቃው ጻፉልን። ከጸሐፊዎቹ ኮምፒውተር የማይገኘውና ለእኔ ትልቁ የሆነው አንቀጽ ይህ ነው፤ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፤ የሚጠቅመው ሰው ይውሰደው፦

«ገዢ በዛሬው ቀን የከፈሉት ብር ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም። ይህ ውል በተዋዋዮች ላይ የሚጸናው ሻጭ በ30 ቀን ውስጥ የትዳር ጓደኛቸውን አቅርበው ሲያስፈርሙ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማስረጃ ሲያቀርቡና ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ተረጋግጦ ሲመዘገብ ነው። ከነዚህ አንዱ ካልተሟላ፣ ወይም የገዢ የብድር ጥያቄ በጽሑፍ ውድቅ ከሆነ፣ ገዢ ያለ ገደብና ያለ ካሳ ከውሉ የመውጣት መብት አላቸው፤ ሻጭም የተቀበሉትን ገንዘብ በ5 ቀን ውስጥ በገዢ የባንክ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ይመልሳሉ።»

ሻጩ ጡረተኛ ናቸው። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ «30 ቀን ይበዛል፣ 20 ይሁን» አሉ፤ ተስማማን። ከዚያ ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠርተው ወረቀቱን እንድታነብ ሰጧት። በ17ኛው ቀን አራታችንም ውልና ማስረጃ ቀርበን ፈረምን።